ወገኑ ሩቅ የሆነ ሙሽራ

የደብረ ብርሃን፣ የአረርቲ ወይም የመሐል ሜዳ ልጅ የውጭ አገር ሰው ልታገባ ነው ሲባል ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ቋንቋና ስለ ምግብ ነው። ምን ያወራሉ? በርበሬውን ይችሉታል? ሁለቱም ያን ያህል አያስጨንቁም። ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ በፈገግታና በጉርሻ ይውላል፤ በርበሬ ያቃተው አልጫ ይበላል። ሰርጉን የሚያጎድለው የሰው ማነስ ነው።

የእኛ ሰርግ ሁለት ቤት ይፈልጋል። ሽማግሌ የሚልክ ቤትና ሽማግሌውን ደጅ የሚያስጠና ቤት። ጥሎሽ የሚያመጣ ወገንና «ይኼ ብቻ ነው እንዴ?» የሚል ወገን። በር ላይ ቆመው «አናስገባም ሰርገኛ» የሚሉ ልጃገረዶችና ገፍተው የሚገቡ ሚዜዎች። ሙሽራው ከእናት ከአባቱ፣ ከአንድ ወንድሙና ከአራት ጓደኞቹ ጋር በአውሮፕላን መጥቶ ሆቴል ሲያርፍ በአንድ በኩል አራት መቶ ሰው፣ በሌላ በኩል ስምንት ሰው ይቆማል። በር የሚዘጋውም የሚከፍተውም፣ ዘፋኙም ተቀባዩም የሙሽሪት ዘመድ ይሆናል። ስለዚህ ከድንኳኑም ከዲኮሩም በፊት ለሙሽራው ወገን ማበጀት ይቀድማል።

ይህ የሚጀምረው ከሽማግሌ ነው። ብዙ ቤተሰብ ነገሩን ለማቅለል ብሎ የሙሽሪትን አጎት ወይም የአክስቷን ባል በሙሽራው ስም ይልካል። ሰውየው ቋንቋውን ያውቃል፣ ሙሽራውንም ይወደዋል፤ ግን ነገ ባልና ሚስት ሲጋጩ ለማን ይቁም? የሽማግሌ ሥራ በልመናው ዕለት አያልቅም፤ ትዳሩ ውስጥ ነገር ሲበላሽ የሚጠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ከሙሽሪት ዘመድ ውጭ ቢሆኑ ይሻላል። አንዱ ሙሽራውን በሥራ ወይም በኑሮ የሚያውቅ፣ አንዱ የንስሐ አባቱ ወይም ሌላ ካህን፣ አንዱ ደግሞ በሙሽሪት አባት ሰፈር የሚከበር፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው።

እነዚህ ሰዎች የሙሽራውን የአባትና የአያት ስም በቃል ይዘው መሄድ አለባቸው። እኛ ጋ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሕንዷ ኬረላ ወይም ከጀርመን የመጣ ሰው ከመንዝ ሰው ጋር የሚገናኝበት የዘር ሐረግ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም አባት «የማን ልጅ ነው?» ማለቱ አይቀርም፣ ሽማግሌውም እዚያ ላይ መንተባተብ የለበትም። ቀጥሎ የሚመጡትም ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ቀድሞ አግብቶ ያውቃል? ልጅ አለው? የት ተጠመቀ? ልጃችንን ይዟት ይሄዳል ወይስ እዚህ ይኖራሉ? የመጨረሻዋ ላይ «እሱን ወደፊት ያዩታል» ብሎ የመለሰ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ሌላ ቀን ተቀጥሮ ይመለሳል።

ሽማግሌ «ተቀመጡ» ስለተባለ አይቀመጥም፤ እሺታ ሳያገኝም እህል አይቀምስም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ጥቂት ነው። ሙሽራው የሁለት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ከመጣ በኋላ ሽማግሌ ከተላከ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ይሆናል፣ ጥድፊያውም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ደግነቱ በልማዳችን ሙሽራው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። እሱ ባሕር ማዶ እያለ ከአምስት ስድስት ወር በፊት ሽምግልናውን መጨረስ ይቻላል። አባቱ በስልክ ቀርቦ፣ አስተርጓሚ ይዞ፣ «በእኔ ስም ነው የመጡት» ቢል ደግሞ የሙሽሪት አባት ልብ ወዲያው ይረታል።

ቀጥሎ የወንድ ቤት ነው። እናት አልቅሳ የሸኘቻት ልጅ ስምንት መቶ ሜትር ርቆ ያለ ሆቴል ገብታ ማታውኑ ቻርጀር ረሳሁ ብላ ብትመለስ ስንብቱም መልሱም ለዛ ያጣል። ለአራት ለአምስት ቀን ግቢ ያለው ቤት መከራየት፣ ወይም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቤቱን እንዲሰጥ መለመን ይሻላል። ቤቱ ከሙሽሪት ቤት ሌላ ሰፈር ይሁን፤ መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ የሚሄዱበት መንገድ ሊኖር ይገባል። እዚያ ግቢ ውስጥ ትንሽ ዳስ፣ የራሱ ጠላ፣ አንድ ከበሮና ዘፈን የምታወጣ አንዲት ሴት ካሉ፣ ከአርባ ሰው ጋር የወንድ ወገን ሆነ ማለት ነው። አርባው ከየት ይመጣል? ከባለቤቱ ጎረቤቶች፣ ከሽማግሌዎቹ ቤተሰቦችና ከሙሽሪት አብሮ አደጎች። የአብሮ አደጎቿን ግማሽ ወደ ወንድ ወገን ማዞር ከሁሉ የተሳካው ዘዴ ነው። ሴቶቹ ጓደኛቸውን በር ላይ ሲሟገቱላት ከመዋል ይልቅ ተቃራኒ ሆነው ሲሰድቧት የበለጠ ይደሰታሉ።

አንደኛ ሚዜ የአገሩ ሰው ይሁን። የሙሽራው ወንድም ቅር ሊለው ይችላል፤ አስቀድሞ በወግ ይነገረውና ሁለተኛ ይሁን። አንደኛ ሚዜ በር ላይ ይከራከራል፣ ጥሎሹን ያሳያል፣ ካህኑ ሲጣሩ ይደርሳል፣ የድንኳን አከራዩ ሂሳብ ሲል ይመልሳል። ይህን ሁሉ ትናንት ከቦሌ የወረደ ሰው አይችለውም።

ቀን ሲቆረጥ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ሰርግ በጥር ይበዛል፤ አዝመራው ገብቷል፣ ዝናብም የለም። ግን የጥርና የየካቲት መስኮት በየዓመቱ ስፋቱ ይለያያል፣ ዐቢይ ጾም ይዘጋዋልና። በ2018 ዓ.ም. ጾሙ የገባው የካቲት 9 ነው፤ በ2019 የሚገባው የካቲት 29። የሃያ ቀን ልዩነት አለው። በመሐል ደግሞ የሦስት ቀን ጾመ ነነዌ አለ። ባሕር ማዶ ሆኖ «ባለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ ሰርግ ነበር» ብሎ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ጾም ላይ ይወድቃል። ከፋሲካ በኋላም መልካም ነው፤ በዳግም ትንሣኤ ብዙ ይዳራል፤ ሆኖም መንዝና ጣርማ በር አካባቢ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ወራት ስለሆነ ድንኳኑ ውሃ የማያሳልፍ መሆን አለበት። ጥር 11 እና 12 ጥምቀትና ሚካኤል ናቸው፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም፤ ካህናቱም ታቦት ላይ ናቸው፣ መኝታም አይገኝም። ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ ደግሞ ዘመነ ሉቃስንና ዘመነ ዮሐንስን ማስታወስ ይገባል፦ ጥር 11 በ2018 እና በ2019 ጃንዋሪ 19 ላይ ሲውል፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በ2020 ወደ 20 ይሸሻል። የመጥሪያው ካርድ ላይ ሁለቱም ቀንና ሁለቱም ሰዓት ይጻፍ። «3 ሰዓት» የሚል ካርድ ያየ የውጭ እንግዳ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተዘንጦ ሲደርስ ስድስት ሰዓት አርፍዷል፤ ቅዳሴውም አልቋል።

የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ከሙሽራው ማንነት ይነሣል። የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን ወይም የሕንድ ማላንካራ ኦርቶዶክስ ልጅ ከሆነ መንገዱ ቅርብ ነው። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናትና የእኛዋ መሪዎች በ1957 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር፤ በእምነት አንድ ናቸው፣ ቁርባንም ይቀባበላሉ። የሚፈለገው ከራሱ ቤተ ክርስቲያን መጠመቁንና አለማግባቱን የሚያስረዳ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው፤ ተተርጉሞ ለሀገረ ስብከቱ ይቀርባል። ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ከሆነ ግን ተምሮና ሥርዓቱን ፈጽሞ ካልሆነ ተክሊል አይደረግም፤ ትምህርቱም በአንድ ሳምንት አያልቅም። ልጅቷን ለማግባት ብቻ ብሎ የሚጠመቅን ሰው ካህናቱ በደስታ አይቀበሉም፣ ትክክል ናቸው።

ከንስሐ አባት ጋር የሚደረገው ንግግርም እስከ መጨረሻው ሳምንት አይቆይ። ተክሊል ለደናግል ነው፤ ከዚያ ውጭ ላሉት በሌላ ሥርዓት፣ በቅዱስ ቁርባን ይፈጸማል። ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በአስተርጓሚ፣ በአማቱ ፊት የሚሰማ የውጭ አገር ሙሽራ ፊቱ ይቀላል። ሙሽሪት ራሷ ከብዙ ወር በፊት ብቻውን ሳለ ትንገረው።

ሙሽሮቹ የሚቆርቡት ዐሥራ ስምንት ሰዓት ጾመው ነው። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃም አይጠጣም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ከቆላማ ከተማ ወይም ከባሕር ዳርቻ የመጣ ሰው ያለ ጾምም ራሱን ያመዋል። ሙሽራው ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት ይግባ፤ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ምሳውን 7 ሰዓት ላይ ይጨርስ፤ ጓደኞቹም የዚያን ዕለት ማታ ምግብም መጠጥም እንዳይጋብዙት ይነገራቸው። እናቱ ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋታል፣ ጫማ ወልቆ የሚገባበት ወለል በጥር ንጋት በረዶ ነውና። ነጠላ ይዘጋጅላት፤ ወንድና ሴት በየበኩሉ ስለሚቆም ከባሏ ትለያለች፣ አጠገቧ የምትቆም ሴት ትመደብላት። አባቱ መቋሚያ ቢሰጠው ሁለት ሦስት ሰዓት መቆሙን ይችለዋል።

ሙሽሪትም ብትሆን ያ እጅጌ የሌለው ቬሎ ለአዲስ አበባ አዳራሽ የተሰፋ ነው። በጥር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይጥላል። ካባው እስኪደረብላት ድረስ አራት ድርብ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ይሁን፤ ፎቶ አንሺው ይታገሥ።

ወደ ጓዳው። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሰርግ የተባለ ይመስላል፤ ቀኑ እስከ መጨረሻ ሳምንት ሲዋዥቅ ስለሚቆይ ጓዳው ይዘገያል። ደጋ ላይ ደግሞ መዘግየት አይቻልም። ቆላ ላይ በሳምንት በዐሥር ቀን የሚደርስ ጠላ መሐል ሜዳ ላይ በጥር ሁለት ሳምንት ቢጠይቅ አይገርምም። ጋኑ ወይም በርሜሉ በወይራ ይታጠናል፤ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከጥቂት ብቅል ጋር በውሃ ይጠነሰሳል፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ አሻሮው፣ ቂጣውና የቀረው ብቅል ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ ድፍድፉ ሲበስል በውሃ ይሞላል። ስሕተቱ የሚፈጠረው መጨረሻው ላይ ነው። ብርዱ ድፍድፉን ስለሚያዘገየው ላዩን አይተው «ደርሷል» ብለው ይሞሉታል፤ ጣፋጭ፣ ቀጭንና ሆድ የሚነፋ ይሆናል። ጋኑ በሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ድርቆሽ ይነጠፍ፣ ወገቡ በባና ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅለል፣ ማድ ቤት ውስጥ ሙቀት አጠገብ ይሁን። ከተሞላ በኋላ አፉ በደንብ ካልተመረገ ይኮመጥጣል። ለአራት መቶ ሰው ሁለት መቶ ሊትር የሚይዙ ሦስት በርሜሎች ይበቃሉ፤ በርሜሎቹ ግን ቀድሞ ምን እንደያዙ ተጠይቆ ይገዙ። ጠጁ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ፣ የጌሾ እንጨት ገብቶበት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ይጣል።

እንጀራውም እንዲሁ ነው። ጤፉ ከምንጃር ቢመጣም ሊጡ የሚቦካው በደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ሁለት ቀን ያሰበች ባለሙያ አራተኛው ቀን ላይ ዓይን የሌለው እንጀራ ስታወጣ ትገኛለች። ኬክ እዚያው ከተማ ከሚጋግር፣ ከፍታውን ከለመደ ሰው ይታዘዝ፤ የሙሽራው እናት በአገሯ ልክ እርሾና ዱቄት መትራ ብትጋግረው መሐሉ ይሰምጣል። ውሃው ራሱ ወደ 90 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ሩዝና ባቄላም ከለመደችው በላይ ይቆይባታል።

ዶሮው ዐሥራ ሁለት ብልት፣ ዐሥራ ሁለት እንቁላል ነው፤ ለአንዱ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ይቁጠሩለት። ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወሰን፤ እኔ ብጠየቅ ለሙሽራው አባት እላለሁ። ወጥ የምታወጣው ሴት ሰዓቱ ሲጨናነቅ ያገኘችውን ታወጣለች፣ እንግዳው አንገት ሲደርሰው ምንም አይመስለውም፤ ያየ ዘመድ ግን ለዓመታት ያወራዋል። ለሙሽራው ወገን ጠረጴዛ አንዲት የራሷ አሳላፊ ብትቆም ይህ ሁሉ አይመጣም።

በሬው ሲታረድ ቁርጥ መውጣቱ አይቀርም። እንግዶቹን ጥሬ አታጉርሱ። «ትንሽ ቅመስ» የሚለው ፍቅር ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ እዚያ አገሩ ኮሶ ሆኖ ይወጣል፣ ሐኪሙም ግራ ይገባዋል። በደንብ የበሰለ ጥብስ ይቅረብላቸው፣ ያለ ሐፍረት። አረቄውም እንደዚያው። የደብረ ብርሃን አረቄ፣ በተለይ ዳግሙ፣ ውሃ ይመስላል። ዐሥራ ስምንት ሰዓት ጾሞ የዋለ ሙሽራ በመለኪያ ሁለት ከቀመሰ ፎቶው ላይ ይታወቃል።

ቀኑ ሲደርስ አንዳንዱ ቤተሰብ ከቅዳሴ በኋላ ሙሽሮቹን አብሮ ወደ ሴት ቤት ይወስዳል፣ ሌላው ለየብቻ ይመልሳል። ለእንዲህ ያለው ሰርግ ለየብቻ መመለሱን እመርጣለሁ። ሙሽራው ወደ ወንድ ቤት ሄዶ ቁርሱን ይብላ፣ ሁለት ሰዓት ይረፍ፣ ከዚያ 6 ሰዓት ላይ ሰርገኛውን አስከትሎ ይምጣ። ያለዚያ በር የሚዘጋበት ሰዓት አይኖርም።

በሩ ላይ ያለው ክርክር ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። የሙሽራው ጓደኞች አስቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባው ጨዋታ መሆኑ ነው። ያልተነገረው እንግዳ ሴቶቹ ሲከለክሉት እውነት የተጣሉ መስሎት ወደ መኪናው ይመለሳል፤ ወይም ኪሱ ውስጥ ያለውን ብር ሁሉ አውጥቶ በአንድ ጊዜ ይሰጥና ጨዋታውን ይገድላል። ትክክለኛው መሐል ላይ ነው፤ መዝፈን፣ ትንሽ መግፋት፣ ወደ ኋላ ማለት፣ እንደገና መግፋት። ሽቶውን አንደኛ ሚዜ ይያዝ። ከግብፅ የመጡ ሴቶች እዚህ ላይ አይቸገሩም፣ እልልታውን ከእኛ እኩል ያውቁታል።

ጥሎሹም እንዲሁ ቴአትር አለው። ሻንጣው ተከፍቶ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ወርቁ አንድ በአንድ ወደ ላይ ከፍ እየተደረገ ይታያል፤ ከሙሽሪት በኩል አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው «ይጨመር!» ይላል። የሙሽራው እናት ይህን ሰምታ ልጇ የተዋረደ መስሏት ዕንባዋ ይመጣል። በዋዜማው ማታ ይነገራት፤ እንዲያውም ለ«ይጨመር» መልስ የሚሆን አንድ ነገር ከሻንጣው ሥር ደብቃ ትያዝ። ከኬረላ ከሆነች ሳሪ፣ ከሌላ አገር ከሆነች የአያቷ ሻርፕ። እሱ ሲወጣ የሚሰማው እልልታ ከወርቁ ይበልጣል። የኬረላ ክርስቲያኖች ሙሽራው ለሙሽሪት ከሚሰጣት ሳሪ በተመዘዙ ክሮች ትንሽ የወርቅ ጌጥ አንገቷ ላይ ያስራሉ፤ ይህ ከተክሊሉ ጋር አይደባለቅም፣ ካህኑ ከፈቀዱ ግን ቤት ውስጥ ከጥሎሹ በኋላ ቢደረግ ደስ ይላል፤ ማተብ ያሰረ ሕዝብ አይቶ አይደነግጥም።

ከሁሉ በላይ ልምምድ የሚጠይቀው ጉልበት መሳም ነው። ሙሽሮቹ ተንበርክከው የወላጆችን ጉልበት ሲስሙ የሙሽሪት አባት ተረጋግቶ ተቀምጦ፣ እጁን ራሳቸው ላይ ጭኖ፣ «ውለዱ ክበዱ» ይላል። የሙሽራው አባት ግን ልጁ እግሩ ሥር ሲወድቅ ይደነግጣል፤ ተስፈንጥሮ ይነሣል፣ በብብታቸው ይዞ ያነሣቸዋል፣ አንዳንዱም አብሮ ይንበረከካል። ሦስቱም መሬት ላይ ሆነው ሕዝቡ ይስቃል። ቅዳሜ ዕለት ወንበር አምጥቶ አምስት ደቂቃ ማሳየት ይበቃል፦ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ ይቀመጥ፣ እግሮቹ መሬት ይርገጡ፣ ሲስሙት አያንቀሳቅሳቸው፣ ሁለት እጁን ራሳቸው ላይ ያድርግ፣ በገዛ ቋንቋው ቀስ ብሎ ይባርክ። አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ «አሜን» ይላሉ።

ንግግር ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ ደግሞም የተመረጠ። እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ የዐሥራ ስድስት ዓመት የአጎት ልጅ አይቁም። የአባትየውን ሦስት ደቂቃ ንግግር በምርቃት ወዝ መልሶ የሚያወርድ ትልቅ ሰው ይፈለግ። በአንዳንድ አገር የሙሽራው ጓደኛ ተነሥቶ ስለ ሙሽራው የድሮ ሕይወት፣ ስለ ስካሩና ስለ ቀድሞ ፍቅረኛው እየቀለደ ማሳቅ ወግ ነው። እዚህ ካህናትና የሙሽሪት አያት በተቀመጡበት ይህ እንዳይሆን ጽሑፉ ቀድሞ ይታይ። አስተርጓሚው ቀልዱን ዘሎ ቢያልፈውም እንግሊዝኛ የሚያውቁት ሠላሳ ወጣቶች ይስቃሉ፣ ያኔ አያት «ምን አለ?» ትላለች።

ሙሽራው ፕሮቴስታንት ሆኖ ልጅቷም የወንጌል አማኝ ከሆነች ሥርዓቱ በቤተ ክርስቲያናቸው በመዝሙር፣ በስብከትና በቃል ኪዳን ያልቃል፤ ችግሩ የሚመጣው ኦርቶዶክስ የሆኑት አያቶችና ጎረቤቶች ዳሱ ውስጥ ጠላ ሲያጡ ነው። ብርዝ ይቅረብ፣ ለሁሉም። የሙሽሪት አጎት የሚያስቀዳው ጠላ ካለ በራሱ ቤት ያድርገው እንጂ ከድንኳኑ ጀርባ ተደብቆ አይቀዳ። እሷ ኦርቶዶክስ ሆና እሱ መለወጥ ካልፈለገ ደግሞ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ተጋብተው ወላጅ መርቆ ይዳሩ። የተክሊል ካባና አክሊል ተከራይቶ ለፎቶ መልበስ ግን ካህናቱን ያስቀይማል፤ የሙሽሪትንም ወላጆች በሰበካቸው ፊት አንገት ያስደፋል።

መልሱ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሙሽሪት ከወንድ ቤት ወጥታ ወደ እናቷ ስትመለስ ነገሩ ራሱን ያስኬዳል። ቅልቅሉን ግን የሙሽራው እናት ትደግሰው። የአገሯን ምግብ፣ በወንድ ቤት ጓዳ፣ ለሠላሳ ሰው ብቻ። ቅመሟን ይዛ ትምጣ፤ ሥጋውንና አትክልቱን እዚህ ታገኛለች። ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ አይዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ከሆነ ብቻ የዚያ ቀን ጾም የለም። የሙሽሪት እናት ያን ዕለት ተቀምጣ ትበላለች፣ ጓዳ አትገባም።

ዕቃ የሚመለሰውም በዚያው ሰሞን ነው። ድስቱ፣ ወንበሩና ድንኳኑ የእድር ከሆነ በቁጥር ነው የወጣው፣ በቁጥር ይመለሳል። ሙሽራው ለእድሩ ሴቶች የእጅ ዋጋ ልክፈል ቢል ይቀየማሉ፤ ለእድሩ በስሙ አንድ ትልቅ ብረት ድስት ገዝቶ ቢሰጥ ግን ይመርቁታል፣ ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልጅ ነው።

የቀረው ወረቀቱ ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙ ጋብቻዎች ሕጋዊ ውጤታቸው እኩል ነው፤ ሦስቱም ግን ይመዘገባሉ፤ በ30 ቀን ውስጥ። ሙሽራው ከኤምባሲው ያላገባ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ አውጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ ይዞ መምጣት አለበት፤ ይህ አዲስ አበባ ላይ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ከደረሱ በኋላ ትዝ ካለ 130 ኪሎ ሜትር ተመልሶ መሄድ ነው። ምስክሮች ከየወገኑ ሁለት ሁለት ይያዙ፣ መታወቂያቸው ያላለፈበት። ሰርተፊኬቱ ከመታተሙ በፊት ደግሞ ስሞቹ ከፓስፖርቶቹ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከሩ። የሙሽሪት አባት ስም ወልደ ጊዮርጊስ ወይም ኃይለ ማርያም ከሆነ በላቲን ፊደል ተያይዞ ነው ወይስ ተለያይቶ የተጻፈው? በልደት ማስረጃዋ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቷ ሌላ ዓይነት ከሆነ ኤምባሲው ቪዛውን የሚያቆመው እዚያች ክፍተት ላይ ነው። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ባለበት ሰዓት ይታረም።